አንድ ቀን በአንድ ሸራ

ከሚሴ ውስጥ ቁርስ የምበላበት ቤት ግድግዳ ላይ የዓድዋ ጦርነት ሥዕል ቅጂ ተሰቅሏል። የማድቤቱ ጭስ ጠርዙን አጠይሞታል። ከፉል ሳህኔ ቀና ባልኩ ቁጥር መጀመሪያ የምፈልገው ፈረሶቹን ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ራስ ሚካኤል፣ በፈረስ ስማቸው አባ ሻንቆ፣ የወሎን ፈረሰኛ አሰልፈው ዓድዋ ላይ ነበሩ። ሠራዊቱ ከከተተባቸው ቦታዎች አንዱ ወረኢሉ ደግሞ ከኛ ቆላ በስተ ምዕራብ፣ ደጋው ላይ ነው።

የዓድዋ ሥዕል ብዙ እጅ የሣለው፣ ሥርዓቱ ግን አንድ የሆነ ሥራ ነው። ለንደን በብሪታንያ ሙዚየም ያለው፣ በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሣለው ሸራ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ፣ በአረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ብርሃን ተከቦ ይወርዳል፤ ዕለቱ የወር በዓሉ ነበርና። በግራ አፄ ምኒልክ ከጥላቸው ሥር፣ ዝቅ ብሎ እቴጌ ጣይቱ በፈረስ፤ በቀኝ የጣሊያን ጦር። የኛዎቹ ፊት ወደ ተመልካቹ ዞሯል፣ ሁለቱም ዐይናቸው ይታያል። የጠላት ወታደር ግን በጎን ይሣላል፣ ያለው አንድ ዐይን ብቻ ነው። ሠዓሊዎቹ ይህን ያመጡት ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ነው፤ እዚያ ሰይጣንና ይሁዳ የሚሣሉት እንዲሁ ነው። ሰንደቅ ዓላማው ባይኖር እንኳ ማን የማን ወገን እንደሆነ ከዐይኑ ይለያል።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የሰዓቱ አያያዝ ነው። ውጊያው የተካሄደው በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት አልነበረም። ከጣሊያን ጄኔራሎች መጀመሪያ አልቤርቶኔ ጎህ ሲቀድ ገጠመ፣ ረፋዱ ላይ ተሰበረ። ቀጥሎ የአሪሞንዲ ተራ ሆነ። ዳቦርሚዳ ከሌሎቹ ተነጥሎ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ውስጥ እስከ ከሰዓት ቆየ፤ የወሎ ፈረሰኛ የወረደበትም እዚያ ነው። ሠዓሊው ይህን ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ዘረጋው። የማለዳው መድፍ ገና እየጮኸ የከሰዓቱ ፈረስ ይጋልባል። ከኛ አዛዦች አንዱ ፊታውራሪ ገበየሁ በወደቁበት ሸራ ላይ ድሉም አብሮ ይታያል። ይህን የአላዋቂ እጅ የሚሉ አጋጥመውኛል፤ እኔ ግን አልስማማም። ከጦር ሜዳ የተመለሰ ሰው ሲተርክ ጧቱንና ማታውን አንድ ላይ ያመጣዋል፤ ሥዕሉም እንዲሁ ነው።

እንግሊዛዊው ተርነር የትራፋልጋርን የባሕር ጦርነት ሲሥልም እንዲሁ አድርጓል። ውጊያው የ1805 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሥዕሉ በ1824 አለቀ፣ ቁመቱ ከ2 ሜትር ተኩል፣ ወርዱ ከ3 ሜትር ተኩል በላይ። አዛዡ ኔልሰን ከውጊያው በፊት ያሰቀለው የባንዲራ ምልክት ገና እየተውለበለበ፣ ከሰዓት በኋላ የተሰበረው ምሰሶ እዚያው እየወደቀ ነው፤ ከብዙ ሰዓት በኋላ የተቃጠለችው መርከብም ከኋላ ትነድዳለች። መርከበኞች ስሕተት ነው ብለው ወቀሱት፤ ንጉሡም በ1829 ከቤተ መንግሥታቸው አስወጥተው ወደ ግሪንዊች ላኩት። ልዩነቱ የአዛዡ ስፍራ ላይ ነው። ተርነር ከሰው ይልቅ የኔልሰንን መርከብ አገዘፈ፤ ሰዎቹ ከግርጌ ውኃው ውስጥ ይታገላሉ። የኛ ሠዓሊ ግን ለመኳንንቱ ለእያንዳንዳቸው ፊት ሰጥቷል። ምኒልክን ግርግሩ መሀል አልከተታቸውም፤ ዳር፣ ከፍ አድርጎ፣ ሁሉን ከሚያዩበት አስቀምጧቸዋል።

ወደ ፈረሶቹ ልመለስ። የቀድሞ ሠዓሊዎች ፈረስን ሲሥሉ ለጥላና ለጡንቻ አይጨነቁም፤ ለዕቃው ግን ይጠነቀቃሉ። ልጓሙ፣ የግንባሩ ጌጥ፣ ኮርቻውና ከሥሩ የተነጠፈው ጨርቅ በቀጭን ብሩሽ አንድ በአንድ ተሠርተዋል። በቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕሎች ላይ እግሩን አስተውሉ፤ ባዶ ነው፣ ትንሿን የእርካብ ቀለበት በጣቶቹ ቆንጥጦ ይዟል። የጥንቱ ፈረሰኛ የሚጋልበው በእርግጥም እንዲህ ነበር። ከሰማይ የወረደውን ሰማዕት ሲሥል የመንደሩን ፈረሰኛ የእግር ጣት ያልረሳ ሠዓሊ ነው።

የቁርስ ቤቱ ቅጂ ደብዛዛ ስለሆነ ጣቶቹን ለማየት ወንበር ላይ መቆም ነበረብኝ። ባለቤቷ ምን እንደምፈልግ ጠየቀችኝ፣ አሳየኋት። በመሐረቧ ጥግ መስታወቱን ጠርጋ እሷም ቀረብ ብላ አየች።