ከኦርኬስትራው ጀርባ ወደ ፊት

ስለ ስኮትላንዳዊቷ ኤቭሊን ግሌኒ ሲወራ ቀድሞ የሚነሣው ጆሮዋ ነው። በ12 ዓመቷ የመስማት ኃይሏን አጥታለች ለማለት ይቻላል። እኔም ከበሮዋን በመጀመሪያ ያደመጥኩት በአዘኔታ ነበር፤ ተሳስቼአለሁ።

ከሾልቲና ከፔራያ ፒያኖዎች ጋር ተጫውታው እ.ኤ.አ. በ1989 ግራሚ ያገኘው የባርቶክ ሶናታ የርኅራኄ ሽልማት አይደለም። በዚያ ሥራ ከበሮው ፒያኖዎቹን አያጅብም፤ ይጠይቃቸዋል፣ ይሞግታቸዋል። ንዝረቱን በባዶ እግሯ ከመድረኩ ወለል መቀበል የለመደች ሴት ዝምታውን ሳይቀር ትለካለች።

እ.ኤ.አ. በ1992 የጄምስ ማክሚላንን ኮንሰርቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ለንደን ላይ ስትጫወት ደግሞ፣ ከኦርኬስትራው ጀርባ መቆም ልማዱ የነበረው መቺ ከፊት ቆመ። የወጣትነት ሥራዋ ቁም ነገር ይህ ነው። «ሳትሰማ እንዴት ትመታለች?» ማለቱ ይብቃን፤ «ምን አሰማችን?» እንበል።