ዕንባ የተፈቀደላት፣ ፍቅር የተነፈጋት
የፍቅር ድራማ ብርሃኑን በማን ፊት ላይ እንደሚያሳርፍ መመርመር፣ ድራማውን የወለደውን ኅብረተሰብ መመርመር ነው። የሆሊውድ የፍቅር ፊልም የዓለምን ተመልካች ለብዙ ዓመታት አስለቅሷል፤ ማን እንደሚያፈቅርና ማን እንደሚፈቀር ግን አስቀድሞ በደንብ ተወስኖ ነበር። የአሜሪካ ፊልም ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ1930 ያወጡትና ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ የሠሩበት ደንብ፣ በነጭና በጥቁር መካከል የሚኖር የፆታ ግንኙነት በፊልም እንዳይታይ ከልክሏል። ይህ አንቀጽ የተሰረዘው በ1956 ነው።

የክልከላው ጠባሳ ጎልቶ የሚታየው «ኢሚቴሽን ኦቭ ላይፍ»፣ ማለትም «የማስመሰል ኑሮ» በተባለው ሥራ ላይ ነው። የፋኒ ኸርስትን ልብ ወለድ ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ሁለት ጊዜ ወደ ፊልም ለውጦታል፤ በ1934 በጆን ስታል፣ በ1959 በዳግላስ ሰርክ አዘጋጅነት። በሁለቱም አንዲት ነጭና አንዲት ጥቁር እናት በአንድ ጣራ ሥር ልጆቻቸውን ያሳድጋሉ። ቆዳዋ የነጣው የጥቁሯ ልጅ እናቷን ክዳ ነጭ መስላ ለመኖር ትሞክራለች።

በመጀመሪያው ፊልም ነጯን ሴት ባለጸጋ የሚያደርጋት የጥቁሯ የዲላይላ የፓንኬክ አሠራር ነው። ለባለሙያዋ የሚቀርብላት ድርሻ ግን 20 በመቶ ብቻ ነው፤ እርሷም እርሱን ትታ በአገልጋይነት መኖርን ትመርጣለች። ፊልሙ ብዝበዛውን የደግነት ካባ ደርቦ ያቀርበዋል። ልጅቱን የተጫወተችው ፍሬዲ ዋሽንግተን በእውነተኛ ሕይወቷ ነጭ ነኝ ማለት እየቻለች በጥቁርነቷ የጸናች ተዋናይ ነበረች። ገጸ ባሕርይዋ ግን ዕንባ እንጂ አፍቃሪ አልተሰጣትም፤ የፍቅሩ ታሪክ የነጮቹ ነው።

በ1959ኙ ፊልም ልጅቱ አፍቃሪ አገኘች፤ እርሱም እናቷ ጥቁር መሆኗን ሲያውቅ ደብድቦ የሚጥላት ነጭ ወጣት ነው። ሚናው የተሰጠው ደግሞ እናቷ ሜክሲኳዊት ለሆነችው ለሱዛን ኮነር ነበር። በ1949 በኤሊያ ካዛን «ፒንኪ» ውስጥ በነጭ ሐኪም የምትፈቀረውን ጥቁር ሴት የተጫወተችውም ነጯ ጂን ክሬን ናት። እንግዲህ ፍቅር በአንዱ በር ሲገባ ጥቁሯ ተዋናይ በሌላው በር ወጣች።

ሰርክ ግን ይህን ግፍ ሳያይ ያለፈ አዘጋጅ አይደለም። በጁዋኒታ ሙር የተተወነችው አኒ ብዙ ወዳጆች እንዳሏት ስትናገር እመቤቷ ትደነቃለች፤ አኒም ጠይቀሽኝ አታውቂም ስትል በትሕትና ትመልሳለች። ከዚህች አጭር መልስ የበረታ ክስ በፊልሙ ውስጥ የለም። ሆኖም ክሱ በራሱ በፊልሙ ላይም ይመለሳል። እነዚያ ወዳጆች ቤተ ክርስቲያኑን ሞልተው የምናያቸው በቀብሯ ዕለት፣ ማሃሊያ ጃክሰን ስትዘምር ነው። አኒ በሕይወት ሳለች ካሜራው ተከትሏት ወደ ወዳጆቿ አልሄደም፤ ማንን እንዳፈቀረችና ምን እንደተመኘች አልጠየቀም። ክብሯ ለሬሳ ሣጥኗ ተረፈ።

የፊልሙ ታላቅነትም ጉድለቱም ከዚህ ላይ ነው። ውክልና ማለት አንድን ፊት በሥዕሉ ጥግ ማቆም አይደለም፤ ለዚያ ፊት የራሱን ምኞት መስጠት ነው። ጸሐፌ ተውኔት አገልጋይቱን ሰሃን አስይዞ ወደ መድረክ ከማውጣቱ በፊት፣ ሰሃኑን ስታስቀምጥ ወደ ማን እንደምትሄድ ሊያውቅ ይገባዋል።