ወደ ጎጆአችን ለሚገባው ጌታ፤ ውዳሴ ከግልገል በለስ

ሰማየ ሰማያት የማይወስኑህ፣ ኪሩቤል በፍርሃት የሚሸከሙህ ጌታ ሆይ፣ ከሣር ክዳን ሥር ዝቅ ብለህ ለመግባት አላፈርህምና ምስጋና ይገባሃል። በመምሬ ዛፍ ጥላ የአብርሃም እንግዳ ሆንህ፤ ሣራም ዱቄት ለውሳ እንጎቻ ጋገረችልህ። የቀራጩን የዘኬዎስን ማዕድ አልተጸየፍህም። በቃና ዘገሊላ ጓዳ ወይን ባለቀ ጊዜ የሙሽሮቹን ኀፍረት ሸፈንህ።

ከተባረኩት ቤቶች ሁሉ ግን እኔ የአቢዳራን ቤት አብልጬ አወድሳለሁ። ዳዊት ዖዛ በታቦቱ አጠገብ ሲቀሠፍ አይቶ ፈራ፤ ታቦቱንም ወደ ከተማው ማስገባት ተወ። ያን ጊዜ በሩን የከፈተው የጌት ሰው፣ የባዕድ አገር ልጅ አቢዳራ ነበር። ታቦትህ ሦስት ወር በቤቱ ተቀመጠ፤ ቤቱንና ያለውን ሁሉ ባረክህለት። ንጉሥ የፈራውን ክብር መጻተኛ አስተናገደው!

ግልገል በለስም የአቢዳራ ልጆች ያሉባት ከተማ ናት። ጉሙዙና ሺናሻው ከጥንት በኖሩበት በመተከል ምድር፣ አገዉ፣ አማራውና ኦሮሞው ከየአቅጣጫው መጥቶ ጎረቤት የሆነባት የቆላ ከተማ። በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ፣ ከከምባታና ከሐዲያ ተጭነው ወደ አጎራባቿ ፓዊ የመጡት ቤተሰቦች የተሰጣቸው መንደር ስም እንኳ አልነበረውም፤ ቁጥር ነበረው። ዛሬም ሰው አገሩን ሲጠየቅ «መንደር 7» ብሎ ይመልሳል። እነዚያ ሰዎች ከደብራቸውና ከአባቶቻቸው መቃብር ተነጥለው፣ ወባ በበረታበት በረሃ ጎጆ ቀልሰው፣ ስም በሌለው መንደር ስምህን ጠሩ። አንተም የመንደሩን ቁጥር ሳትጠይቅ ገባህ።

ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ የጣና ውኃ በተራራ ሆድ በተፈለፈለ ዋሻ አልፎ፣ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨውን የጣና በለስ ተርባይን አዙሮ ወደ በለስ ይወርዳል። ታቦተ ጽዮን እንዳረፈችባት በትውፊት የሚነገርላት ጣና ቂርቆስ የቆመችበት ውኃ ወደዚህ ቆላ መውረዱን ባሰብሁ ቁጥር፣ ከከፍታ ወደ ዝቅታ መውረድ ልማድህ መሆኑ ትዝ ይለኛል፤ ምስጋናዬም ይታደሳል።

ስብሐት ለአንተ ይሁን፣ በየማለዳው ለምትጠራው። የቤት እመቤቷ ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ ፍሙን ከአመዱ ስትገልጥ «በስመ አብ» ትላለች። ሊጧን አቡክታ በጣቷ መስቀል ታሳርፍበትና ትከድነዋለች። ማታ አጎበሩን ዘርግታ፣ ዳር ዳሩን ከፍራሹ ሥር ጠቅጥቃ፣ ትኩሳት የያዘውን የልጇን ግንባር ታማትባለች። መድኃኒቱንም በሰዓቱ ትሰጠዋለች፤ ጸሎቷ ከጤና ጣቢያው ጋር ተጣልቶ አያውቅም። በእርሷ እጅ ምድጃው ጽንሓ ሆነ፣ ጓዳውም ቅኔ ማኅሌት፤ አንተ በዚያ ስትመሰገን ካህን ላይኖር ይችላል፣ ምስጋናህ ግን አይጎድልም።

ወር በገባ በ27 ቀን ደግሞ ክብርህ በይፋ ይገባል። የመድኃኔዓለም የጽዋ ማኅበር የደረሳት ቤት ከሩቅ ታስታውቃለች፦ ጌሾው ተወቅጦ፣ ጠላው ተጠንስሶ፣ ግድግዳው ተለቅልቆ፣ ወለሉ ላይ ቄጤማ ተጎዝጉዞ። ድፎው በኮባ ተሸፍኖ ሌሊቱን ሲጋገር ሽታው ጎረቤቱን ይቀሰቅሳል። መቆፈሪያውና ማጭዱ ከግድግዳው ተነሥተው ወደ ጓሮ ይዞራሉ፤ ጽዋው በነጭ ነጠላ ተሸፍኖ ከሥዕሉ ፊት ይቀመጣል፤ ጧፍ ይበራል። የንስሐ አባቱ ጸሎት አድርሰው ዳቦውን በመስቀላቸው ይባርካሉ። የማኅበሩ መሪ ሙሴው ማኅበርተኛውን በየቦታው ያስቀምጣል። ከደጅ ለቆመው ነዳይ ድርሻው ተቆርሶ ይወጣል። የተኳረፉ ካሉም ጽዋው ከመቀመሱ በፊት ሽማግሌ መሐል ይገባል፤ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ተባብለው ነው አንድ መደብ ላይ የሚቀመጡት። እኔ በዚህ ሥርዓት ከሁሉ አስበልጬ የማከብረው ይህን ነው፤ አንተ በምትገባበት ቤት ቂም አብሮ መቀመጫ አያገኝምና።

ከዚያ ጽዋው ለመጪው ወር ተረኛ ይሰጣል። ተረኛዋ ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ትቀበላለች፤ እልልታው ይቀልጣል፤ «የከርሞ ሰው ይበለን» ይባባላሉ፤ ጽዋው በዝማሬ ታጅቦ ወደ ደጇ ያመራል። ንጉሠ ነገሥት ሆይ፣ መንበሩን በየወሩ ከድሃ ቤት ወደ ድሃ ቤት የሚያዛውር እንደ አንተ ያለ ማን አለ? ዛሬ ከመምህሩ ሳሎን፣ ለመጪው ወር ከቀን ሠራተኛው ጎጆ። እጅ አጠረኝ ብሎ ተራውን የሚያልፍ ቢኖር፣ ጎረቤት እህሉን አዋጥቶ፣ እንስራውን አውሶ ተራውን ያስጠብቅለታል።

የወንጌል አማኞችም በየቤታቸው ለዝማሬ ሲሰበሰቡ በመካከላቸው ነህና ክብር ይድረስህ። በ1974 ዓ.ም. ደርግ የመሠረተ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን በዘጋ ጊዜ፣ ምእመናኑ በየሳሎኑ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እየጸለዩ ጸኑ። የጸሎት ቤቱ ቁልፍ በባለሥልጣን እጅ ነበር፤ የጓዳው ቁልፍ ግን በእናቶች መቀነት ላይ ተቋጥሮ ቀረ፣ አንተም በዚያ በኩል ገባህ።

በመከራም ቀን አልራቅህም፤ ስለዚህ በዕንባ አወድስሃለሁ። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ በኩጂ ከ100 በላይ ሰዎች ተገደሉ። በዚያ ዘመን በመተከል ስንቱ ቤት ተቃጠለ፣ ስንቱ መሶብ ከነክዳኑ አመድ ሆነ! ከሞት የተረፈው ልጁን አዝሎ ወደ ቻግኒ ሸሸ። ወር ሳይሞላ ጥር 10 ደረሰ፤ በመላ አገሪቱ ታቦታት ከመንበራቸው ወጥተው በድንኳን አደሩ፤ ቤት አልባው የመተከል ሰውም በሸራ ሥር አደረ። ድንኳንህ ከድንኳናቸው ጎን ተተከለ። በረት ያልናቅህ፣ ራስህን የምታሳርፍበት ያጣህ ጌታ፣ ቤቱን ላጣ ሰው ከአንተ የሚቀርብ ዘመድ ማን አለው?

ስለዚህ ና፣ የተመሰገንህ ሆይ። ጉሙዞች ደም የተቃቡትን የሚያስታርቁበት ማንገማ የሚሉት ሥርዓት አላቸው፤ በዚያ ሸንጎ ሽማግሌዎች ሲቀመጡ አብረህ ተቀመጥ። ልጇን ለቀበረችው የጉሙዝ እናትም፣ ባሏን ለቀበረችው የሺናሻና የአማራ ሴትም ደጅ እኩል ድረስ። ማሽላው በደረሰበት ማሳ፣ ዳጉሳው በሚፈጭበት ወፍጮ፣ ልጆች በኩራዝ በሚያጠኑበት ጠረጴዛ ስምህ ይክበር። ክዳናቸው የተቃጠለ፣ ምሰሷቸው ብቻ የቆመ፣ ባለቤቶቻቸው ያልተመለሱላቸው ቤቶችም አሉ፤ ወደ እነርሱም ግባ፣ ባለቤቶቻቸውንም ይዘህ ግባ።