ግንቡ ታየ፤ ስፌቱስ?

ስለ ሐረር ጉብኝት የተጻፈ አንዱን ያነበበ ሌላውንም አነበበ ማለት ነው። አምስቱ በሮች ይቆጠራሉ፤ ግንቡን አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዓመት አሠራው ይባላል፤ 82 መስጊዶች ይጠቀሳሉ፤ ማታ ጅብ ይቀለባል፤ በቃ። ከሀዋሳ ሐረር ደርሰው የሚመለሱ ጓደኞቻችን ለዚህች ወረቀት የሚያመጡልን ጽሑፍም ከዚህ አይለይም። መሃል ላይ ደግሞ የራምቦ ቤት አለ። የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነንና ባለቅኔ የሚል ቃል ስንሰማ ልባችን ይሸፍታል።

እስቲ ቤቱን እንመርምረው። አርቱር ራምቦ ሐረር የገባው እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ፣ ለአንድ የፈረንሳይ ንግድ ቤት ቡናና ቆዳ ሊገዛ ነው። ግጥሙን ከዚያ በፊት፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜው መጀመሪያ፣ እርግፍ አድርጎ ትቶታል። በ1891 ታሞ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ማርሴይ ላይ ሞተ። ዛሬ «የራምቦ ቤት» የምንለውን ባለቀለም መስተዋትና ባለቅርጽ እንጨት ፎቅ ያሠራው ከእሱ በኋላ አንድ የሕንድ ነጋዴ ነው። ታዲያ ምን እያየን ነው? ግጥም ያልጻፈበት ከተማ፣ ያልኖረበት ቤት! ቤቱ ውብ ነው፤ ሙዚየምነቱም ይጠቅማል፤ ጠባችን ከቤቱ ጋር አይደለም። ጠባችን ከጸሐፊዎቹ ጋር ነው። ከተማዋ የምትከበረው አንድ ፈረንጅ ስለረገጣት ይመስል፣ ለእሱ ግማሽ ገጽ፣ ለአናጢውና ለስፌት ሰፊዋ ግን አንዲት ዐረፍተ ነገር፤ እሷም «ማራኪ የእጅ ሥራዎች» የምትል።

ማራኪ! ይህች ቃል የስንቱ መሸሸጊያ ሆነች? የሐረሪ ቤት ግድግዳ ላይ የተደረደረው ስፌት ለጌጥ ብቻ የተሰቀለ አይደለም። ሴት ልጅ ከእናቷና ከጎረቤት ሴቶች ጋር ተቀምጣ የምትማረው ሙያ ነው። የሳር ዘለላ በሳር እየተጠመጠመ፣ በወስፌ እየተበሳ፣ ከመሃል ወደ ዳር እየዞረ ይሰፋል። ሐረጉ ወረቀት ላይ አይነደፍም፤ ይቆጠራል። አንዲት ቁጥር ከተሳተች ዙሩ ሁሉ ይጣመማል። ቤት መምታትና ሐረግ መመጠን ለሚያውቅ ገጣሚ ይህ እንግዳ ነገር ነው እንዴ?

ደግሞ አማርኛችን ራሱ ይመሰክራል። ሰፌድ የምትሰፋውም ልብስ የሚሰፋውም «ሰፊ» ናቸው። ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናው ድምፅ ነው፤ ልብስ ሰፊዎቹ ደጅ ላይ ተደርድረው ይሠራሉ። የጉብኝት ጸሐፊ እዚያ ሲደርስ ፎቶ አንስቶ ያልፋል፤ መኪናው የፋብሪካ ስለሆነ እጁም የፋብሪካ የሆነ ይመስለዋል።

መጽሐፍም የሚጠረዘው ተሰፍቶ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ለዐሥር ቀን ሐረር የቆየው ሪቻርድ በርተን ለከተማዋ ሰዎች ደግ ቃል አይበዛለትም። ሆኖም በ1856 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ የሐረርን ሸማና የመጽሐፍ ጥራዝ አድንቋል። ንቆ የመጣው ያየውን ወድጄ መጣሁ ባዩ ሲዘለው ምን ይባላል? ጥራዙ ደግሞ ጨርሶ የሞተ ታሪክ አይደለም። የራስ ተፈሪ ቤት በነበረው በአብደላ ሸሪፍ ሙዚየም የተጎዱ የእጅ ጽሑፎች ተጠግነው እንደገና ይጠረዛሉ። ከራምቦ ቤት በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ሩቅ ነው እንዳይባል!

ነገሩ የሐረር ብቻ አይደለም። ስለ ሀዋሳ የሚጻፈውንም እዩት፤ ሐይቁ፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣው፣ አባ ኮዳው፣ የታቦር ተራራ። ከተማችን ግንብ የላትም፤ ስፌት ግን አላት። በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ በሺህ የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶች ለባሕር ማዶ ገበያ ልብስ ሊሰፉ ተቀጥረዋል። አሜሪካ በ2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ከአጎዋ ስታስወጣ ከሥራ የተቀነሱት እነሱው ነበሩ። አባ ኮዳ ያገኘውን ያህል አንቀጽ እንኳ ከጉብኝት ጸሐፊ አላገኙም።

ለሚቀጥለው እትም የጉዞ ጽሑፍ የምታዘጋጁ ጓደኞቻችን ሆይ፣ በሮቹን ቆጥረንላችኋል፤ አምስት ናቸው። እናንተ አንድ መሶብ ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ ሳሩ ከየት እንደሚመጣ፣ ነጋዴው ስንት ሸጦት ለሰፊዋ ስንት እንደሚደርሳት ጠይቃችሁ ጻፉልን።