የሚያሳክከውን አክመን የሚገድለውን የዘለልንበት ምክር

ነፍሰ ጡር ሴት ነፍሳት ሲነክሷት ምን ታድርግ? ብዙ ጊዜ የምንሰማው ምክር ሁለት ነገር ይላል፦ ማሳከኩን አስታግሺ፣ መድኃኒት የሚባል አትንኪ። የመጀመሪያው ልክ ነው፣ ግን ጎዶሎ ነው። ሁለተኛው ሐሙሲት ላይ ሲደርስ አደገኛ ይሆናል።

ልክ ከሆነው እንጀምር። የተነከሰውን ቦታ በውሃና በሳሙና ማጠብ፣ ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ማሳረፍ፣ አለማከክ፤ ይሄ እናትንም ፅንስንም አይጎዳም። ሎሚና ጤና አዳም መቀባቱ ግን ይቅር፤ ሁለቱም ቆዳ ላይ እያሉ ፀሐይ ካገኛቸው ሊያቃጥሉ ይችላሉ።

ጎዶሎው የቱ ጋ ነው? ምክሩ ንክሻን የሚመዝነው በማሳከኩ ብቻ ነው። 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ላለችው ደብረ ታቦር፣ ቁንጫና ትኋን ለሚያስቸግሩበት ቤት፣ ይሄ ያስኬዳል። ወደ ሐሙሲት፣ ወደ ፎገራ ሜዳና ወደ ጣና ዳር ስትወርዱ ግን ወባ አለ።

የወባ ትንኝ ደግሞ ነፍሰ ጡርን ትመርጣለች። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ የጋምቢያ ጥናት እንዳሳየው ነፍሰ ጡሮች ካላረገዙ ሴቶች እጥፍ ትንኝ ይስባሉ፤ የሚያስወጡት ትንፋሽ በ21 በመቶ ይበልጣል፣ ሆዳቸውም በ0.7 ዲግሪ ይሞቃል። ፕላስሞዲየም ፋልሲፓረም የገባባቸው ቀይ የደም ሕዋሳት እንግዴ ልጁ ላይ ይጣበቃሉ። መዘዙ የእናት ደም ማነስ፣ ክብደቱ ያነሰ ሕፃን፣ አንዳንዴም ውርጃ ነው።

«መድኃኒት አትንኪ» የሚለው ፍርሃት ከሜዳ አልመጣም። ፕሪማኩዊን በእርግዝና አይሰጥም፤ አይቡፕሮፌንም ከ20ኛው ሳምንት በኋላ አይመከርም። ግን «አንዳንዱ አይሆንም» እና «ምንም አይሆንም» ለየቅል ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 አርቴሜተር-ሉሜፋንትሪን፣ ብዙዎቻችን ኮአርተም የምንለው፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራትም ላልተወሳሰበ ወባ እንዲሰጥ መክሯል። ያልታከመ ወባ ከመድኃኒቱ ይብሳልና።

ስለዚህ ጥሩ ምክር እንዲህ መባል ነበረበት፦ አጎበር ውስጥ ተኚ። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ራስ ምታት ከመጣ በዚያው ቀን ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ሄደሽ ደምሽን ተመርመሪ። ቤት የተረፈ ክኒን አትዋጪ። እርግዝናሽን ለጎረቤት ገና ባታወሪም ለባለሙያው ንገሪ፤ የትኛው መድኃኒት እንደሚሰጥሽ የሚወሰነው በዚያ ነው።