ስለ መጽሐፈ ኢያሱ ጦርነት፤ ስለ ንባቡም ልጓም

በመጽሐፈ ኢያሱ ከምዕራፍ 6 እስከ ምዕራፍ 11 የተጻፈው የከነዓን ጦርነት ለአንባቢ ሁሉ የከበደ ነው። ኢያሪኮ በወደቀች ጊዜ ወንዱና ሴቱ፣ ሽማግሌውና ሕፃኑ፣ ከብቱም ሳይቀር በሰይፍ እንደ ጠፋ ይናገራል። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 15ም ሳኦል በአማሌቅ ላይ እንዲሁ ያደርግ ዘንድ ታዘዘ፤ ንጉሡን አጋግንና የሰባውን ከብት ስላስተረፈ መንግሥቱን አጣ። በመዝሙር 136 መጨረሻ ስለ ባቢሎን ሕፃናት የተነገረውንም ቃል ዳዊት የደገመ ሁሉ በአፉ ብሎታል። እንግዲህ ጠላትን መውደድ ያስተማረው ጌታ የዚህ ሁሉ መጽሐፍ ጌታ ከሆነ ነገሩ እንዴት ይስማማል?

ለዚህ ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ ሦስት ያልቀኑ መልሶች ተሰጥተዋል። እነርሱም መጣል፣ መሸሸግ፣ መታጠቅ ናቸው።

መጣል የመርቅያን መልስ ነው። መርቅያን በ2ኛው መቶ ዓመት በሮም ሳለ የኦሪት አምላክ ሌላ፣ የክርስቶስ አባት ሌላ ነው ብሎ ብሉይን ከነሥሩ ጣለ፤ በ144 ዓመት ገደማም ከምእመናን ማኅበር ተለየ። ቤተ ክርስቲያን መልሱን ያልተቀበለችው ስለ ምን ነው ቢሉ፤ ብሉይ የተጣለ እንደሆነ ትንቢቱም የዳዊት ልጅነቱም አብሮ ይጠፋልና ነው። ደግሞም መርቅያን ጭንቁን ለሁለት አማልክት አካፈለው እንጂ አልፈታውም።

መሸሸግ የኡልፊላስ መልስ ነው። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን በአክሱም ባስተማሩበት በ4ኛው መቶ ዓመት፣ ኡልፊላስ የተባለ ከአርዮስ ወገን የሆነ ጳጳስ ለጎጥ ሕዝብ ፊደል አበጅቶ መጻሕፍትን ተረጐመ፤ መጻሕፍተ ነገሥትን ግን ተወ። ጎጦች ጦርነት ወዳድ ስለ ሆኑ ልጓም እንጂ አለንጋ አይገባቸውም ብሎ እንደ ተወው የታሪክ ጸሐፊው ፊሎስቶርጊዮስ ይመሰክራል። አሳቡ የእረኛ አሳብ ነው፤ ሥራው ግን አልጠቀመም፤ ያ መጽሐፍ ያልተተረጐመላቸው ጎጦች በ410 ዓመት ሮምን ዘርፈዋልና። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ግን 81ዱን መጻሕፍት ተቀብላ አንዱንም አልሸሸገችም፤ ልጓሙንም በአንድምታ ሰጠች። ለፈረስ ልጓም ማበጀት እንጂ ፈረሱን ማረድ ብልኃት አይደለም።

ከሁለቱ የሚከፋው ሦስተኛው ነው፤ እርሱም የኢያሱን ሰይፍ እንደ ራስ ሰይፍ መታጠቅ ነው። ይህ ነገር ለአርሲ አንባቢ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ከጭላሎ ግርጌ ካለችው ከአሰላ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ሲወረድ ኦጎልቾ ትገኛለች፤ በሐይቁም ላይ የቱሉ ጉዶ ደሴት አለች፤ ታቦተ ጽዮን በዮዲት ዘመን ተሸሽጋባት ነበር የሚል ትውፊት ያላት ናት። ክብረ ነገሥት ጽዮን ወደ ኢትዮጵያ መጣች ካለ በኋላ ነገሥታቱ የዳዊት ዘር፣ ሕዝቡም እስራኤል ዘነፍስ ተብለዋል። ይህ ስም ክብር ነው፤ አደጋም አለበት። ራሱን እስራኤል ያለ ሰው ተቃዋሚውን ከነዓን ወይም አማሌቅ ለማለት ቅርብ ነውና።

ከ1874 እስከ 1879 ዓመተ ምሕረት ባለው ጊዜ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በአርሲ ላይ ዘመቱ፤ አጎታቸው ራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴም የዘመቻው አለቃ ነበሩ። አርሲዎች በፈረስና በጦር ጽኑ ውጊያ ተዋጉ፤ በ1878 መጨረሻ በአዙሌ ተሸነፉ። ከዚያም ወዲህ በአኖሌ የወንዶች እጅ የሴቶችም ጡት ተቈረጠ ብለው የአርሲ ሽማግሌዎች ለልጆቻቸው አስተላልፈዋል። ስለዚህ ነገር የታሪክ ሰዎች ቢከራከሩም በ2006 ዓመተ ምሕረት በሒጦሳ ወረዳ በአኖሌ መታሰቢያ ሐውልት ቆሟል። ከድሉ በኋላ ብዙው የአርሲ ሰው በገዛ ምድሩ ገባር ሆነ፤ መሬቱም ለወታደርና ለመኳንንት፣ ለቤተ ክርስቲያንም በሰሞን ስም ተሰጠ። ይህ ሥርዓት በ1967 የመሬት አዋጅ እስኪቀር ድረስ ካህኑም ከነገሩ ውጭ አልነበረም።

እንግዲህ ያን ድል የኢያሱ ድል ነው የሚል ሰው ቢነሣ ምን ይመለስለታል? የአዙሌን ቀን የለየው ጠመንጃ ነው እንጂ የኢያሪኮ ቀንደ መለከት አይደለም። ድል ሁሉ የእግዚአብሔር ፍርድ ምስክር ከሆነ፣ በ1521 ዓመተ ምሕረት በሽምብራ ኩሬ ግራኝ አሕመድ ያገኘው ድልም እንደዚያው ሊቈጠር ነው። ይህን የሚቀበል ክርስቲያን ከሌለ ያንንም ማንም አይበል።

የዚህ ፈረስ ልጓም በራሱ በመጽሐፉ ውስጥ ነው። አንደኛ፤ ትእዛዙ ወሰን ነበረው። በዘዳግም ምዕራፍ 7 የተቈጠሩት ሕዝቦች 7 ናቸው፤ በምዕራፍ 2 ግን ኤዶምን፣ ሞዓብን፣ አሞንን እንዳይነኩ እስራኤል ራሳቸው ተከለከሉ። ለሙሴ ያልተፈቀደውን ማስፋት ለሌላ ንጉሥ ማን ሰጠው? ሁለተኛ፤ በምዕራፍ 9 ምድሪቱን ስለ ጽድቃችሁ አልወረሳችሁም ተብለው ተገሥጸዋል፤ በዘሌዋውያን ምዕራፍ 18ም ያንኑ ኃጢአት ቢሠሩ ምድሪቱ እነርሱንም እንደምትተፋ ተነግሯቸዋል። ይህም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ዓመት በናቡከደነፆር እጅ ደረሰባቸው። ሦስተኛ፤ በኢያሱ ምዕራፍ 5 ኢያሱ ሰይፍ የመዘዘውን የእግዚአብሔርን ሠራዊት አለቃ ከእኛ ወገን ነህ ወይስ ከጠላት ብሎ ቢጠይቀው ከሁለቱም ወገን ሆኖ አልተገኘም፤ ጫማህን አውልቅ አለው እንጂ። አራተኛ፤ አሞጽ በምዕራፍ 9 እስራኤልን ከኢትዮጵያ ልጆች ጋር አስተካከለ። ኢትዮጵያዊ በዚህ ቃል ሲደሰት፣ እግዚአብሔር ፍልስጥኤማውያንንም ከሩቅ እንዳወጣቸው በዚያው ቁጥር መጻፉን አይርሳ።

ከአበው ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ በሙሴ ሕይወት መጽሐፉ፣ አባት ቢበድል ሕፃኑ ስለምን ይሞታል ብሎ በግልጥ ጠየቀ፤ የግብጽ በኵር ሞትንም ክፋትን ገና በጅምሩ መግደል ነው ብሎ ወደ ምሥጢር ወሰደው። ኦሪጌንስም በሌላ ትምህርቱ የተነቀፈ ቢሆን የባቢሎንን ሕፃናት ገና የተወለደ ክፉ አሳብ ብሎ ተርጕሟል። ይህ ትርጓሜ ለነፍስ መድኃኒት ነው። ነገር ግን ምሥጢሩን ሲያደላድል በንባቡ የፈሰሰውን ደም የሚያስረሳ መምህር ሥራውን ከግማሽ አቁሟል። አንድም የሚለው ቃል በፊተኛው ላይ ይጨምራል እንጂ ፊተኛውን አይሰርዝም። የሞተው ሰው ሞቷል፤ እናቱም አልቅሳለች።

የሁሉም ፍጻሜ በክርስቶስ ነው። ከኢያሪኮ የተረፈችው ረዓብ በማቴዎስ ምዕራፍ 1 በልደቱ ሐረግ ገባች፤ በምዕራፍ 15ም የከነዓን ሴት የዳዊት ልጅ ብላ ጠራችው፤ ልጇም ዳነች። ያዕቆብና ዮሐንስ እንደ ኤልያስ እሳት ይውረድ ባሉ ጊዜ በሉቃስ ምዕራፍ 9 ገሠጻቸው። ኢያሱና ኢየሱስ በስም አንድ ናቸው፤ ሁለተኛው ግን የራሱን ደም አፍስሶ ርስት አወረሰ። ስለዚህ ከእርሱ ወዲህ አማሌቅ የሚባል ሕዝብ የለም፤ ጎረቤቱን በዚህ ስም የሚጠራ ሰባኪ፣ ጎረቤቱ እስላምም ይሁን ዋቄፈታ፣ ወንጌልን ትቶ ወደ ሰይፍ ተመልሷል።

ለአርሲ ምድር ግን ከሁሉ ይልቅ የሚነበበው የገባዖን ሰዎች ነገር ነው። በኢያሱ ምዕራፍ 9 በመሐላ ገብተው እንጨት ለቃሚና ውኃ ቀጂ ሆኑ። ሳኦል ግን ለእስራኤል የቀና መስሎት መሐላውን አፍርሶ ገደላቸው። በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ ምዕራፍ 21 ስለዚህ ደም በዳዊት ዘመን 3 ዓመት ረኃብ ሆነ። በዳዩ ቢሞትም በደሉ አልሞተም፤ በደሉን ያልሠራው ዳዊት ተጠየቀበት። ዳዊትም ነገሩ ያለፈ ነው አላለም፤ የተበደሉትን ጠርቶ ምን ላድርግላችሁ አላቸው። እነርሱም ደም ጠየቁ፤ የሳኦል 7 ልጆች ተሰቀሉ። ሪጽፋ የምትባል እናት ማቅ ዘርግታ ሬሳቸውን ከአሞራና ከአውሬ ጠበቀች።

እዚህ ላይ አንባቢ ያስተውል። እግዚአብሔር ስለ ምድሪቱ ልመናን እንደ ተቀበለ የተጻፈው ልጆቹ በተሰቀሉበት ቀን አይደለም፤ ዳዊት የሪጽፋን ነገር ሰምቶ የሞቱትን አጥንት በክብር ካስቀበረ በኋላ ነው። ምድርን ያስታረቃት ለሁለተኛ ጊዜ የፈሰሰው ደም ሳይሆን፣ በደልን በስሙ መጥራት፣ የተበደለውን መጠየቅና የሙታንን ክብር መጠበቅ ነው። በአርሲ ደጋም ሆነ በኦጎልቾ ቈላ መጽሐፈ ኢያሱን የሚያነብ ካህን ከምዕራፍ 6 ቢጀምርም ወደዚህ ሳይደርስ መጽሐፉን አይጠፍ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።