የፖርሲሊን ሰዓት ቅርጽና ይዘት

ጥንታዊ የፖርሲሊን ሰዓት የሁለት ሙያዎች ውጤት ነው፤ ቤቱ የሸክላ ጠቢብ፣ ማሽኑ የሰዓት ሠሪ ሥራ ነው። በሳክሶኒ የማይሰን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1710 ሲቋቋም አውሮፓ ከቻይናና ከጃፓን ትገዛው የነበረውን ጠንካራ ፖርሲሊን ራሷ ማምረት ያዘች። አማርኛም በዐረብኛ በኩል ባገኘው «ሲኒ» በሚለው ቃል የቻይናን ስም እስከ ዛሬ ይዟል።

ሆኖም የሰብሳቢዎች አድናቆት ብዙውን ጊዜ በቤቱ ላይ ከተሣለው አበባና ከወርቅ ቅቡ አያልፍም። ይህ ቅርጽን ከይዘት የሚነጥል አመለካከት ነው። ቤቱና ማሽኑ ከተለያዩ ፋብሪካዎች ሊወጡ፣ ማሽኑም ኋላ ሊለወጥ ይችላል። የተመሳቀሉት የማይሰን ሰይፎች ምልክትም በሌሎች አምራቾች በሰፊው ተኮርጇል። ስለዚህ የጀርባው መዝጊያ ተከፍቶ ውስጡ ሳይመረመር የሚሰጥ ዋጋ መሠረት የለውም።

እንዲህ ያለው ሰዓት በየካ አባዶ የጋራ መኖሪያ ቤት ቡፌ ላይ ቢቀመጥ፣ ሠሪው በ12 እንዲያመለክት ያሰበውን እኩለ ቀን በ6 ይደውላል። ባዕዱን ዕቃ ከአገር ኑሮ ጋር የሚያዋሕደው ይህ አገልግሎቱ ነው፤ ቆሞ ለጌጥ ብቻ ሲቀር ግን ይህን ያጣል። ሰብሳቢ ሁሉ ማሽኑን በባለሙያ ሊያስጠግን፣ የዕቃውን ምንጭና የተለወጠለትን ክፍል ሊመዘግብ ይገባዋል።